የእትዬ አስካለ ግራ ጆሮ

የእትዬ አስካለን ማረፍ የነገረችኝ ልጃቸው መሠረት ናት። ጠዋት ሲኒማ ራስ ጋ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜ ነበር። ስልኩን ሳነሳው ሰላምታም አልሰጠችኝም። «እማዬ አርፋለች። ቀብሯ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መምጣት አለመምጣቱን አንተ ታውቃለህ» አለችና ዘጋችው።

ከሰልፉ ወጥቼ አንድ ጫማ ቤት ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ባለሱቁ ሊያስነሳኝ መጥቶ ፊቴን ሲያይ ተወኝ። ቀብሩ ላይ ተገኘሁ፤ ግን ከሰው ሁሉ ኋላ፣ አጥሩን ተደግፌ ነው የቆምኩት። አፈር ሲለብሱ አላየሁም፤ የሰው ጀርባ ብቻ ነው ያየሁት። ጠጋ ብዬ ከቤተሰቡ ጋር የማለቅስበት ፊት አልነበረኝም። ለምን እንዳልነበረኝ ለማስረዳት መጀመሪያ እትዬ አስካለ ማን እንደነበሩ መናገር አለብኝ።

እትዬ አስካለ የተሰበረ ብረት ይጠግኑ ነበር። በያጅ አልነበሩም፤ እሳትም ማሽንም አልነበራቸውም። በሁለት ቱቦ የሚሸጠውን ኤፖክሲ የሚባለውን ማጣበቂያ ቀላቅለው ነው የሚሠሩት። ሶማሌ ተራ ውስጥ፣ በመኪና ዕቃ ሱቆቹ መካከል፣ ከቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጎን ሁለት ሰው የማታስቀምጥ ጥግ ነበረቻቸው። አንድ ዱካ፣ አንድ የእንጨት ሳጥን፣ ሳጥኑ ላይ ደግሞ አንድ ስባሪ የወለል ሴራሚክ። ማጣበቂያውን የሚያሹት ሴራሚኩ ላይ ነበር። በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ መነጽራቸውን በላስቲክ ከጭንቅላታቸው ጋር አያይዘው ሲቀመጡ ሰው ዕቃ ሻጭ ይመስላቸውና ዋጋ ይጠይቃቸዋል።

ባለቤታቸው እዚያው ጥግ ላይ በያጅ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ማሽኑ ተሸጠ፤ እትዬ አስካለ ግን ቦታውን አልለቅም አሉ። ባላቸው የማይበይዱት ብረት እንዳለ ከጎናቸው ተቀምጠው ሲያዩ ኖረዋል። ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ ብረት ብየዳ አይወድም፤ አንዱን ጋ ሲያሞቁት ሌላ ጋ ይሰነጠቃል። የአሮጌ መኪና ዕቃ ደግሞ ብዙው እንደዚያ ነው። መለዋወጫ የሌለው፣ በያጅ የማይነካው፣ ባለቤቱ ግን ሊጥለው የማይፈልገው ዕቃ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ እሳቸው ሳጥን መምጣት ጀመረ።

ሲሠሩ አይቸኩሉም። ብረቱን በቤንዚን ካጠቡ በኋላ በእጃቸው ይዘው ፀሐይ ላይ ያቆዩታል። «ስንት ዓመት ዘይት ጠጥቷል፤ መጀመሪያ ይትፋው» ይሉ ነበር። ስንጥቁ የሚያልቅበት ነጥብ ላይ እንዳይቀጥል የመርፌ ዓይን የምታክል ቀዳዳ ይበሱለታል። ከዚያ በሞረድ ስንጥቁን ያሰፉታል። እኔ መጀመሪያ ይህን ሳይ ደንግጬ «እትዬ፣ እያባሱት እኮ ነው» ብያቸዋለሁ። «ለስላሳ ቁስል አይጋጠምም» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። ሁለቱን ቱቦ እኩል አውጥተው ከብረት ብናኝ ጋር ያሹታል፣ ይሞሉታል፣ በሽቦ ያስሩታል። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ማንም አይነካውም፤ ባለቤቱም ቢሆን።

ከሁሉ የማልረሳው አመታታቸውን ነው። ብረት ሲመጣላቸው አንዱን ጫፍ መንጋጋቸው ላይ ያስደግፉና ሌላውን ጫፍ በትንሽ ቁልፍ ኳ ያደርጉታል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ ይሰባበራል፤ እሳቸው ግን ድምፁን በጆሯቸው አይሰሙትም፣ በአጥንታቸው ነው የሚያውቁት። ሠላሳ ዓመት ከቆርቆሮ ቀጥቃጭ ጎን መቀመጥ ቀኝ ጆሯቸውን ጨርሶ ወስዶባቸዋል። የቀራቸው ግራው ነው። ሰው ሲያናግራቸው መዳፋቸውን ከግራ ጆሯቸው ኋላ አድርገው «በዚህ በኩል» ይላሉ። ያቺን ጆሯቸውን ያምኗት ነበር። ወሬ አይወዱም፣ ሐሜት አይሰሙም፤ «ያለችኝ አንዲት ናት፣ በከንቱ አልጨርሳትም» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ለሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ «ምን ላይ ነው የሚገባው?» ሳይጠይቁ ብረት አይቀበሉም። የበር እጀታ፣ የውሃ ፓምፕ ገላ፣ የፋኖስ ቀለበት፣ የካርቦራቶር ክዳን ይሠራሉ። የፍሬን፣ የመሪና የጎማ ዕቃ አይነኩም። «የእኔ ሥራ ይይዛል እንጂ አይሸከምም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን እኔ ባለሁበት አንድ የሚኒባስ ሹፌር ከመሪ ሥር የሚገባ የተሰነጠቀ ብረት ይዞ መጣ። ጠየቁት፤ እውነቱን ነገራቸው። «አልሠራውም» አሉት። ለመናቸው። ልጆች እንዳሉት፣ መኪናው የሰው እንደሆነ፣ ዛሬ ካልሠራ ቁልፉን እንደሚነጠቅ ነገራቸው። «ለዛሬ ብቻ ይያዝልኝ» አለ። እትዬ አስካለ እጃቸውን ዘርግተው ብረቱን ተቀበሉት። ሊሠሩለት መስሎት ፊቱ በራ። እሳቸው ግን ዱካቸው ላይ አስቀምጠውት ቁጭ አሉበት።

«ምን እያደረጉ ነው እትዬ?»

«ተቀምጫለሁ።»

«እንግዲያው ዕቃዬን ይስጡኝ።»

«ሌላ ቦታ ሄደህ ልታስለጥፈው? ሚስትህን ጥራት። ለእሷ እሰጣታለሁ።»

ሰው ተሰበሰበ፣ ተሳቀ። ሹፌሩ ተቆጣ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ እትዬ አስካለ ከዱካቸው አልተነሱም። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ሕፃን አዝላ መጣች። ያኔ ተነሱና ብረቱን በሁለት እጃቸው ሰጧት፤ ስንጥቁን በጣታቸው እያሳዩ «ይቺን አየሻት? ባልሽ ይቺን ተማምኖ ነው ሰው ሊጭን የነበረው» አሏት። ሴትየዋ ብረቱን ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ ባሏን አስከትላ ሄደች።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እንደማያደርጉት አውቅ ነበር ማለቴ ነው።

እኔ ወደ እሳቸው የመጣሁት ከአባቴ በወረስኳት አሮጌ የጣሊያን መኪና ምክንያት ነው። ወተት የመሰለች፣ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ የሚያያት መኪና ነበረች። ሥራ ስፈታ ለሰርግ ማከራየት ጀመርኩ፤ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱባት ይወዷታል፤ የምነዳትም እኔው ነኝ። የውሃ ፓምፑ ሲሰነጠቅ ጋሽ ኸይሩ የሚባሉ እዚያው ሶማሌ ተራ ብረት የሚቀርጹ የቶርኖ ባለሙያ «ይሄን እኔ አላድነውም፤ እትዬ አስካለ ጋ ውሰደው» ብለው ላኩኝ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ደንበኛቸው ነበርኩ። ያቺ መኪና ውስጥ ስንት ቦታ ላይ የእጃቸው ሥራ እንዳለ መቁጠር ያቅተኛል። መኪናዋን «የአባትህ ልጅ» ይሏት ነበር፤ «የአባትህ ልጅ ደህና ናት?» ብለው ነው ሰላምታ የሚጀምሩት።

በስድስተኛው ዓመት ጥር ላይ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ሆና ሐኪም ከአልጋ እንዳትነሳ አዝዟት ተኝታለች። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ጾሙ ከገባ ደግሞ ሰርግ የለም። ሦስት ሰርግ ተቀብያለሁ። የመጀመሪያው እሑድ ሊሆን ረቡዕ ዕለት መኪናዋን ሳጸዳ የፍሬን ፔዳሉ የተሰካበት መያዣ መሰንጠቁን አየሁ። እግር የሚረግጠው ጉልበት ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ሶማሌ ተራን ሱቅ በሱቅ አዳረስኩ። «የዚህች መኪና ዕቃ ከጠፋ ስንት ዘመኑ» አሉኝ። ምናለሽ ተራ ወርጄ የቁራጭ ብረት ክምር ገለበጥኩ፤ እጄ ደማ፣ ምንም አላገኘሁም። ጋሽ ኸይሩ ብረቱን አገላብጠው «ከወፍራም ብረት ቆርጬ አወጣልሃለሁ። ግን አሥር ቀን ስጠኝ» አሉ። የየትኛው ፔዳል እንደሆነ አልጠየቁኝም። አሥር ቀን አልነበረኝም። ለሙሽራው ደውዬ መኪናዋ ተበላሽታለች ማለት እችል ነበር። ስልኩን አውጥቼ ቁጥሩን ፈለግኩት፤ ከዚያ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

የፍሬኑና ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው የፍሪሲዮኑ ፔዳል መያዣ መንታ ናቸው። ከመኪናዋ ወጥተው ለየብቻ ሲታዩ እኔም አልለያቸውም።

እትዬ አስካለ ብረቱን መንጋጋቸው ላይ አስደግፈው መቱት። ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን ላይ ነው የሚገባው?»

ከጎናችን ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል። ወደ ግራ ጆሯቸው ጎንበስ አልኩ። «የፍሪሲዮን ፔዳል መያዣ ነው።»

መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ። «እ?»

«የፍሪሲዮን።»

ብረቱን እንደገና አዩት። «ፍሪሲዮን ከሆነ ይሁን» አሉ። «ቢለቅህ መኪናህ አልሄድም ብላ ትቆምብሃለች እንጂ ሰው አትጎዳም። የፍሬን ቢሆን አልነካልህም ነበር።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

ከዚያ ስለ ባለቤቴ ጠየቁኝ። እንዴት እንደምትተኛ፣ ምን እንደምትበላ። በግራ ጎኗ ትተኛ አሉኝ። ብረቱን ሲያጥቡ እያየኋቸው ቆሜ ነበር፤ አንዴ አፌን ልከፍት ብዬ ነበር። አልከፈትኩም።

ቅዳሜ ዕለት ራሴ ገጠምኩት። ሞተሩን አጥፍቼ ፔዳሉን በሙሉ ጉልበቴ ሃያ ጊዜ ያህል ረገጥኩት። አልተነቃነቀም። ይዟል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እሑድ ሙሽሮቹን ይዤ እንጦጦ ወጣን። ሰላም ትባላለች ሙሽራዋ፤ ሳቂታ ልጅ ናት፣ ወንበሩ ላይ ቬሎዋን ሰብስባ ስትቀመጥ አባቴ ይህችን መኪና መቼ እንደገዛት ጠየቀችኝ። ፎቶው አልቆ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ ቁልቁለቱ ላይ ደጋግሜ ረገጥኩ። አንድ ጊዜ ላይ እግሬ ምንም ሳያገኝ ወለሉን መታ። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ፍጥነቷ ቀነሰ እንጂ አልቆመችም። ከፊታችን ሰው የሞላ አውቶቡስ ነበር። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩና ከድንጋይ ግንብ ጋር አላተምኳት። ሰላም የተቀመጠችው በቀኝ በኩል ነበር። ቀኝ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሙሽራው ግንባሩ ተፈነከተ፤ እኔ ደረቴን ከመመታት በቀር ምንም አልሆንኩም።

ፖሊስ ጣቢያ የትራፊክ ፖሊሱ ስባሪውን ብረት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ግራጫው ጥገና መሃሉ ላይ ለሁለት ተከፍሏል።

«ይህን የለጠፈልህ ማነው?»

«ሶማሌ ተራ ያሉ ሴትዮ ናቸው።»

«የፍሬን መሆኑን ነግረሃቸዋል?»

ቬሎው ላይ ያየሁት ደም ከዓይኔ አልጠፋም። «ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ።

ማግስቱን ጠሯቸው። ከመሠረት ጋር መጡ። ፖሊሱ ጮክ ብሎ ሲጠይቃቸው ብረቱን አንስተው አዩት። «የእኔ ሥራ ነው» አሉ። «ፍሪሲዮን ያለኝ መስሎኝ ነው የሠራሁት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም። የጨነቀው ሰው አስተያየት ነበር።

«የፍሬን ነው ያልከኝ?»

«አዎ እትዬ።»

መዳፋቸውን አንስተው ግራ ጆሯቸውን ሸፈኑ። «እንግዲያው ጆሮዬ ነው» አሉ።

ያ ውሸት ከቅጣቴ ቅንጣት አላቀለለልኝም። ሕጉ የሚያውቀው እኔን ነው፤ ፍሬኑን በማጣበቂያ አስለጥፌ ሰው የጫንኩት እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃዴ ተወሰደ፣ ተቀጣሁ፣ መኪናዋ በቁራጭ ብረት ዋጋ ሄደች። እሳቸውን ግን ቃላቸውን ተቀብለው አሰናበቷቸው። ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቅም። ምናልባት ያን ጥፋት ብቻዬን መሸከም ስላልቻልኩ ነው።

በሳምንቱ ብርቱካን ይዤ ሰላምን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ እትዬ አስካለ አልጋዋ አጠገብ ቆመዋል። «ብረቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» ይሏታል። «ጆሮዬ አሳስቶኝ ነው። ይቅር በይኝ ልጄ።» ሰላም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቷ ከወንበሯ ተነሳች። «ደንቆሮ ከሆንሽ ቤትሽ አትቀመጪም?» አለቻቸው።

እትዬ አስካለ መዳፋቸውን ወደ ጆሯቸው ወሰዱ። «በዚህ በኩል ንገሪኝ፣ አልሰማሁሽም።»

እናቲቱ ቀርባ፣ በግራ ጆሯቸው በኩል አፏን አስጠግታ ያንኑ ደገመችላቸው። ቃል በቃል። እትዬ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እውነትሽን ነው» አሉ። ሲወጡ በሩ ላይ አዩኝ። እጄን ይዘው «አንተንም አጠፋሁህ» አሉኝ። ብርቱካኑን ለአንዲት ነርስ ሰጥቼ ተመለስኩ።

በዚያው ቀን ዱካቸውንና ሳጥናቸውን ከሶማሌ ተራ አነሱ። ጋሽ ኸይሩና ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ምን ሆኑ ብለው ሲጠይቋቸው «ጆሮዬ ሰው ሰበረ» ብለዋቸዋል።

ቤታቸው አብነት ነው፤ ከመሠረት ጋር ይኖራሉ። አራት ዓመት እየሄድኩ ጠየቅኳቸው። ሰው ደግነት ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን በሄድኩ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እየሄድኩ፣ ሳልነግራቸው እየተመለስኩ ነው አራት ዓመት የሞላው። እሳቸውም በሄድኩ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቁኛል። ልጃችን ደህና መወለዷን ስነግራቸው አለቀሱ። «የአባቷን መኪና አሳጣኋት» አሉ።

የከፋው ግን ሌላው ነው። የሰሙትን ማመን ተዉ። መሠረት ጨው አቀብዪኝ ስትላቸው ሦስቴ ያስደግሟታል፤ ከዚያም የጨውን ዕቃ በጣታቸው እያሳዩ «ይሄን ነው?» ይላሉ። የመድኃኒታቸውን ሰዓት ብትነግራቸው አይቀበሉም፣ ካልጻፈችላቸው አይውጡትም። ጎረቤት ሲመጣ ጓዳ ይገባሉ። መንገድ ማቋረጥ ስለፈሩ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆሙ። ያንን ሹፌር ከነብረቱ ያስቀመጡት ሴት፣ ከአልጋቸው ጠርዝ ላይ ሆነው የሰው ከንፈር እያዩ፣ ምን እንደሚመልሱ እየፈሩ ሲውሉ ማየት ነበረብኝ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ሥራ የፈታ እጅ እንደዚያ ከባድ ሆኖ አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ስሄድ መሠረት ከበር ላይ አስቆመችኝ። በግድ ጆሮ ሐኪም ጋ ወስዳቸው ነበር።

«ግራ ጆሮዋ ደህና ነው ይላል ሐኪሙ» አለችኝ። «ለዕድሜዋ ጥሩ ነው፣ ቀረብ ብሎ ለሚያናግራት ሰው ቃል አታሳስትም ይላል። ብነግራት አላመነችኝም። ታዲያ ያን ቀን ምን ሆና ነው?»

እየጠየቀችኝ አልነበረም። የገባት ነገር የለም። የእናቷ ነገር ግራ ገብቷት ነው ለእኔ የምታዋየኝ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መመለሻ አልነበረኝም። አልፌያት ገባሁና ከእትዬ አስካለ በስተግራ በኩል መሬት ላይ ተንበረከኩ።

«እትዬ፣ ያን ቀን የፍሪሲዮን ነው ያልኩዎት።»

ከንፈሬን አዩ። «እ?»

«የፍሪሲዮን ነው ያልኩዎት። የፍሬን መሆኑን እያወቅኩ ዋሽቼዎት ነው። ፖሊሱም ጋ ዋሽቻለሁ። እርስዎ በትክክል ነው የሰሙት።»

«ድገመው» አሉ።

ደገምኩት። መሠረት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሻሿን በአፏ ላይ ይዛለች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መጣል ጀምሮ ነበርና አልሰሙኝ ይሆናል ብዬ ልደግም ስል እጃቸውን አነሱ።

«ሁለቴ ጠይቄህ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«ሁለቴም ሰምቼሃለሁ።»

«አዎ እትዬ።»

«ያቺ ልጅ አልጋ ጋ ስቆም በሩ ላይ ነበርክ። ሲነግሩኝ ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ስም ልሰጠው አልችልም፤ የተሰረቀ ዕቃውን ሌላ ሰው ቤት ያገኘ ሰው ፊት ነው ልበል። «መሠረት፣ ነጠላዬን አምጪልኝ» አሉ።

በዚያ ዝናብ ሦስታችንም ሶማሌ ተራ ሄድን። ጋሽ ኸይሩ ሲያዩዋቸው ቶርኖውን አጥፍተው ወጡ። ቀጥቃጮቹም መዶሻቸውን አስቀመጡ። እትዬ አስካለ «ይሄ ሰው የሚነግራችሁ አለው» አሉና ፈንጠር ብለው ቆሙ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ብረቱን፣ ጥያቄያቸውን፣ መልሴን፣ ፖሊስ ጣቢያውን። ስጨርስ አንዱ ቀጥቃጭ እግሬ ሥር ምራቁን ተፍቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጋሽ ኸይሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ እትዬ አስካለ ሄዱ፤ በግራ በኩል ቆሙ።

«እኔም ጆሮዎ ነው ብዬ ለስንት ሰው አውርቻለሁ» አሏቸው። «አውፍ ይበሉኝ።»

«አንተ ምን ታደርግ፣ ኸይሩ። እኔም አምኜው የለ።»

የዱሮ ጥጋቸው ላይ አንዲት ወጣት የስልክ ቻርጀር ዘርግታለች። እትዬ አስካለ ቆመው አዩዋት። ጋሽ ኸይሩ ነገሩ ገብቷቸው «ከቶርኖው ጎን ቦታ እለቅልዎታለሁ፤ ነገ ይምጡ» አሉ። እትዬ አስካለ ሁለት እጃቸውን ከነጠላው ሥር አውጥተው ዘረጉ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ በብርድ አይደለም። «ይሄ እጅ አሁን ስንጥቅ አይሞላም» አሉ። «አራት ዓመት ተቀምጧል።» ጋሽ ኸይሩ ፊታቸውን አዞሩ።

አብነት ስንመለስ በራቸው ላይ ደርሰን አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ።

«ይቅር ይበሉኝ ልትለኝ ነው። አትበለኝ። የምመልስልህ የለኝም።» ቁልፉን ከመሠረት ተቀበሉ። «ለልጅቷ እናት ሄደህ ንገር። እኔ አልከተልህም። ከዚያ በኋላ እዚህ አትምጣ።»

በማግስቱ የሰላምን እናት ቤት አንኳኳሁ። ሰላም ባሏ ቤት ናት፤ ልጅ ወልዳለች፣ በከዘራ ትሄዳለች። እናቷ በሩን በከፊል ከፍታ ቆማ ሰማችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስጨርስ የበሩን መዝጊያ እንደያዘች መሬት መሬት አየች።

«ሴትየዋ አሉ?» አለችኝ።

«አሉ።»

«ጆሯቸው ውስጥ ነው የተሳደብኩት» አለች፤ ለእኔ አልነበረም የምትለው። ከዚያ «ቤታቸው የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እወስድሻለሁ ስላት «አንተ አትወስደኝም። ንገረኝ ብቻ» አለች። ነገርኳት። በሩን ዘጋችው።

እትዬ አስካለ ከዚያ በኋላ የኖሩት ሁለት ወር ነው። እኔ እንዳዘዙኝ አልሄድኩም። ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ሲበተን ነው መሠረትን አጥሩ ጋ አግኝቼ የጠየቅኳት። የሰላም እናት በዚያው ሳምንት እሑድ መጥታ ነበር። ገብታ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል እትዬ አስካለ ክንዷን ይዘው አስነሷት፤ በግራ በኩል ወንበር አስጠግተው አስቀመጧት። እስኪመሽ ተቀምጠዋል። ስለ ሰላም እግር፣ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ሁለቱም ሟች ባሎቻቸው አውርተዋል። መሠረት እንዳለችኝ እናቷ ያን ቀን አንድም ነገር አላስደገሙም።

«ስለ እኔስ ምን አሉ?» አልኳት።

መሠረት ነጠላዋን አስተካከለች። የሚጠብቃት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ነበር።

«አላነሳችህም» አለችኝና ሄደች።